እሺ አይበቃም

«የሠራላት የዩኒቨርሲቲው መምህር ነው!» አለ የሺዋስ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ። «እሷማ ፎቶ ኮፒ ነው ያነሳችው!»

የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ይህን ወሬ ለስንተኛ ጊዜ እንደተናገረው ራሱም አያውቀውም። ለሾፌር ይነግራል፣ ለረዳት ይነግራል፣ «እሷ» ማን እንደሆነች ለማያውቅ መንገደኛ ሳይቀር ይነግራል። ዛሬ ግን ሰሚ በዛለት። የደብረ ታቦር መናኸሪያ በር ላይ ሚኒባሶች አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠው ቆመዋል። የሐሙሲቱ ከእብናቱ፣ የእብናቱ ከጋይንቱ ተቆላልፏል፤ አንዱ ወደ ኋላ ልበል ቢል ከኋላው ሌላ አለ፣ ወደ ፊት ልሂድ ቢል ከፊቱ ሌላ። የገበያ ቀን ነው። ከጉና ድንች ይዞ የወረደ አንድ ገበሬ የድንቹን ማዳበሪያ ጣሪያ ላይ አስጭኖ፣ መኪናው ንቅንቅ አልል ሲለው ራሱም ወጥቶ ማዳበሪያው ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ሆኖ ግርግሩን ቁልቁል ያያል።

ትሕትና ላፕቶፗን በነጠላዋ ጠቅልላ በመኪኖቹ መካከል እየተሹለከለከች ደረሰች። የየሺዋስን የመጨረሻ ቃል ሰምታዋለች።

«በፎቶ ኮፒ የሚሆን ቢሆንማ» አለችው ሳትቆም፣ «ለአንተም አንድ ጭንቅላት አነሳልህ ነበር።»

ረዳቶቹ አውካኩ። የሺዋስ ፊሽካውን መልሶ ጎረሰና መንገድ እንደዘጋች መኪና ነፋባት።

አባቷ ትሕትና ብለው ስም ሲያወጡላት ምን አስበው ነበር? የሚያውቃት ሁሉ ይህን ሳይጠይቅ አይቀርም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትፈተን ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አልመጣላትም። አላለቀሰችም። ከመናኸሪያው ማዶ ጀሚላ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች፤ ማሽኑ ሲሞቅና ወረቀት ሲያልቅ ባለው ፋታ፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ፕሮግራም መጻፍ ተማረች። እንግሊዝኛውን የለቀመችው ከቪዲዮ ሥር ከሚሮጠው ጽሑፍ ነው። «ማን አስተማረሽ?» ሲሏት «ንዴት» ትላለች።

የመኪና ተራ ማስጠሪያ ፕሮግራሙን የጻፈችው ለዚሁ መናኸሪያ ነው። መጀመሪያ የታያት የቀኑን ተራ በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ደርድሮ መጣል ነበር። ግን መኪና ይበላሻል፣ ሾፌር ይዘገያል፣ የተደረደረው ሁሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ሌላ ዓይነት ዙር፣ ማለትም እየደጋገመ የሚሠራ ትእዛዝ፣ ጻፈች። ዙሩ አንድ ታርጋ ብቻ ያወጣል፤ የት እንደደረሰ ይይዝና አርፎ ይቀመጣል። «ቀጣይ» የሚል ጥያቄ ሲመጣለት ብቻ ሌላ አንድ ያወጣል። እንዲህ አንድ በአንድ፣ እየተጠየቀ፣ ቀኑን ሙሉ ይፈስሳል። ጠያቂ ከሌለ ፍሰት የለም። ለጀሚላ ስታስረዳት «እንደ ጥሩ አሳላፊ ነው» ብላታለች፤ «ብርጭቆሽ ሳይጎድል አይቀዳልሽም።»

እስከ ትናንት «ቀጣይ» የሚለውን በስልኩ የሚነካው በሩ ላይ የሚቆመው የሺዋስ ነበር። የሺዋስ ደግሞ ሻይ ቤት ገብቶ ይረሳዋል፤ አንዳንዴም ይረሳዋል ይባላል እንጂ ወዳጁ እስኪደርስ ይጠብቃል። ትሕትና መረራት። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ተራው የደረሰው ሾፌር ራሱ በስልኩ መልእክት እንዲደርሰውና በሩን ሲወጣ መልስ እንዲልክ አደረገች። የሾፌሩ መልስ ሲገባ ዙሩ ቀጣዩን ይጠራል፣ ታርጋው በሩ ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ይወጣል። የሺዋስን ከመሐል አወጣችው ማለት ነው። ጥሩ አድርጌያለሁ ብላ ነበር ያደረችው።

አሁን ግን በሩ እንዲህ ሆኗል።

የሾፌሮቹ ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ይርዳው ከቢሮው ደጃፍ ቆመው፣ እጃቸውን በካፖርታቸው ኪስ ከትተው፣ ከፊት ለፊታቸው ያለውን ትርምስ እያዩ ትከሻቸውን ሰብስበዋል። ትሕትናን ሲያዩ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ በቃ ዝጊው። መምህር ምናለን አስጠርቻለሁ። የሠራው ሰው መጥቶ ይፍታው።»

«የሠራው ሰውማ ፊትዎ ቆሟል ጋሼ።»

«እሺ፣ እሺ። ለማንኛውም እሱም ይምጣ።»

ትኬት መቁረጫው ሥር ካለው አግዳሚ ተቀምጣ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። ዛሬ ይህ ነገር ተዘጋ ማለት ደግሞ እንደማይከፈት ታውቃለች። ቢከፈትም የሚከፈተው በሌላ ሰው ስም ነው፤ እሷ ወረቀት ስታባዛ ትቀራለች።

ኮዱን ከላይ እስከ ታች አየችው። ዙሩ ደህና ነው። አንድ መልስ ሲገባ አንድ ታርጋ፣ አንድ መልስ ሲገባ አንድ ታርጋ። ታዲያ ይህ ሁሉ መልስ ከየት መጣ? ከሾፌሮቹ የገባውን ማንበብ ጀመረች።

እሺ።

እሺ እናቴ።

እሺ ተባረኪ።

እሺ፣ ቁርሴን ልብላና።

የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ ጥሩንባ የሚነፋውን የእብናት መስመር ሾፌር ጠራችው።

«ሞላ! መልእክቱ ሲደርስህ እሺ ብለሃል። ወጥተህ ነበር?»

«ኧረ የት! ጎማ እያስነፋሁ ነበር።»

«ሳትወጣ ታዲያ ምን ብለህ መለስክ? ሲወጡ መልስ ይላኩ ነው የሚለው።»

«አንብቤዋለሁ።» ሞላ ተቀየማት። «ግን ሰው መልእክት ልኮልሽ ዝም ይባላል እንዴ? ነውር አይደለም? እኔ እኮ ያሳደገኝ ሰው አለ።»

«አንተ ብቻ ነህ?»

«ሁላችንም መልሰናል። ምነው፣ አልደረሰሽም?»

ትሕትና ሳቋ መጣ። ወዲያው ደግሞ ፊቷን እሳት ለበለባት። ለሞላ ተራህ ደረሰ ሲባል እሺ አለ፤ ዙሩ ወጣ ብሎ ተቀበለውና ቀጣዩን ጠራ፤ ቀጣዩም ያሳደገው ሰው ነበረውና እሺ አለ። ጨዋነት ጨዋነትን እየጠራ መናኸሪያው በሙሉ በአንድ ጊዜ በሩ ላይ ደረሰ። በቪዲዮ ያስተማራት ሰውዬ እሺን አያውቃትም፤ አይፈረድበትም። እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት። እሺ ሰማሁ ነው። እሺ ተዪኝ ነው። እሺ ነገ ነው። ሄድኩ ግን ሆኖ አያውቅም። አሁን ከደቂቃ በፊት እንኳ ጋሼ ይርዳው እሺ፣ እሺ እያሉ ነው እምቢ ያሏት።

ጣቶቿ መሮጥ ጀመሩ። ከእንግዲህ ዙሩን የሚያንቀሳቅሰው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ወጣሁ። እሺ ያለ ይበል፣ ተባረኪ ያለም ይባርክ፤ ዙሩ ሰምቶ እንዳልሰማ ይቀመጣል።

ጽፋ ሳትጨርስ መምህር ምናለ መጣ። ፈተና ሊያባዛ ጀሚላ ሱቅ የሚመላለስ ወጣት ነው፤ ኮቱ ላይ የጠመኔ አቧራ አለ። አቶ ይርዳው እጁን ይዘው ወደ ላፕቶፑ አመጡት። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። ሾፌሮቹ ሐኪም እንደሚጠብቅ አስታማሚ ዙሪያውን ከበቡ።

«የኔ አይደለም» አለ ቀና ብሎ።

«ኧረ መምህር!» አለ የሺዋስ ከኋላ። «ይህ እንኳ ትሕትና ነው!»

«አዎ» አለ ምናለ። «ትሕትና ናት።»

ሳቁ ጣሪያ ላይ እስካለው ገበሬ ደረሰ። የሺዋስ ብቻ አልሳቀም።

«እኔ ብሆን በዚህ መንገድ አልጽፈውም ነበር» አለ ምናለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእሷ ብቻ። «ደግሞ ይህ ዙር መቆሚያ የለውም። የመጨረሻው መኪና ከወጣ በኋላስ?»

«ካልተጠየቀ አያወጣም።»

«ካልተጠየቀ ነው። አንዱ አልጋው ላይ ተጋድሞ ወጣሁ ብሎ ቢልክልሽስ?»

የትኛው ሾፌር እንዲህ ያደርጋል ልትለው አፏን ከፈተችና የሞላን ጎማ አስታውሳ ዘጋችው። መናኸሪያው ሲዘጋ ዙሩም እንዲያበቃ አንድ መስመር ጨመረች። አመሰግናለሁ አላለችውም። ላፕቶፑን ግን እንዲታየው ትንሽ ወደ እሱ ዞር አደረገችው።

«አለቀ ጋሼ» አለች።

አቶ ይርዳው ፊታቸው በራ። ከየሺዋስ እጅ ድምፅ ማጉያውን ተቀብለው ደጃፉ ላይ ወጡ።

«ወገኖቼ፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ! መምህር ምናለ ራሱ መጥቶ አስተካክሎታል፤ አሁን ተራችሁን...»

ጧ! ትሕትና ላፕቶፑን ከደነችው። በሩ ላይ ያለው ቴሌቪዥን ጨለመ።

«ጋሼ፣ እኔ ምንም አልነካሁም» አለ ምናለ። ማጉያው ቅርብ ነበርና ይህንንም ግማሹ መናኸሪያ ሰማው።

አቶ ይርዳው ማጉያውን ወደ ደረታቸው አዙረው ጎንበስ አሉላት። «ልጄ፣ አንቺን አቃልዬ አይደለም። ሰዉ ይረጋጋ ብዬ ነው። መምህር ሲባል ያምናል። ኋላ እናስተካክለዋለን።»

«ኋላ የሚባል መኪና በዚህ በር ወጥቶ አያውቅም።»

«ምን ላድርግልሽ ታዲያ?»

«ማን እንደሠራው በያዙት ማጉያ ይናገሩ። ሌላ አልፈልግም።»

«እሺ።»

«እሺ አይበቃም ጋሼ።» ድምፅዋ አልጮኸም፤ እጇ ግን ክዳኑ ላይ ተጭኖ ቀርቷል። «እሺ ሰማሁ ነው። ይህን በር የዘጋው እሺ ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነው፣ እሺን አምኜ። ከዛሬ ወዲያ ግን አላምንም። ሲናገሩ እከፍተዋለሁ።»

«በጉልበት ነው እንዴ?» አለ የሺዋስ። «እኔ በፊሽካዬ አስወጣቸዋለሁ!» አለና ነፋ። የፊተኛው መኪና ወደ ኋላ ሲል የኋለኛው ወደ ፊት አለ፤ መብራት ተሰበረ፣ ስድብ ተነሳ።

«ኧረ የልጅቷን ስም ጥሩና እንውጣ!» አለ ሞላ በመስኮቱ። «ጣሪያ ላይ ድንቹ በቀለ እኮ!»

አቶ ይርዳው ሾፌሮቹን አዩ፣ ጨለማውን ቴሌቪዥን አዩ፣ ከክዳኑ ላይ ያልተነሳውን እጅ አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወገኖቼ፣ ቅድም የተናገርኩት ስሕተት ነው። ተራ ማስጠሪያውን የሠራችው ትሕትና ይሻው ናት። አሁን ያስተካከለችውም እሷው ናት።»

«ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው?» አለ አንዱ።

«እሷው!» አሉ፤ ቆጣ ብለው። «ሌላ ትሕትና አለች?»

ክዳኑ ተከፈተ። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ታርጋ፣ አንድ ብቻ፣ ብቅ አለ። የሐሙሲቱ ነበር፤ ግን ከእብናቱና ከጋይንቱ መሐል ተጣብቋል። ትሕትና ዞር ብላ የሺዋስን ፈለገችው።

«በል ይህን ቋጠሮ ፍታልኝ። የኔ ፕሮግራም ወደ ኋላ መንዳት አያውቅም።»

የሺዋስ ትንሽ ኮራባትና ከዚያ ሄደ። ፊሽካውን አጠር አጠር አድርጎ እየነፋ፣ አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ አጥሩ እያስጠጋ የሐሙሲቱን አወጣው። ስልኳ ላይ ወጣሁ የሚል መልስ ገባ። ዙሩ ቀጣዩን ጠራ። ድንቹም ገበሬውን ተሸክሞ፣ ወይም ገበሬው ድንቹን፣ ተራው ሲደርስ ወጣ።

በአጠገቧ ባለፈ ባገደመ ቁጥር የሺዋስ አንድ ነገር ሲያጉረመርም ነበር። በመጨረሻ ፊቷ ቆመ። «ወሬውን እኔ ከራሴ አላመጣሁትም። ከጋሼ ይርዳው ነው የሰማሁት።»

«እሳቸውስ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ስትመለስ ጀሚላ ማሽኑ ውስጥ ወረቀት እየጨመረች ነበር። የድምፅ ማጉያው ንግግር እዚህም እንደተሰማ ከፊቷ ያስታውቃል፤ ደስ ያላት ሰው ፊት ነው፣ ግን ዓይኗን ትሰብራለች። ወረቀቱን አስተካከለች፣ አወጣችው፣ ደግሞ አስተካከለችው።

«ትሕትና፣ ያን ወሬ እኮ እኔ ነኝ ያስነሳሁት።»

«የቱን ወሬ?»

«የመምህሩን።» ጀሚላ የማሽኑን ክዳን ዘጋች። «ያኔ መጀመሪያ ጋሼ ይርዳው ዘንድ ሄጄ ስላንቺ ስነግራቸው የት የተማረች ናት አሉኝ። መምህሩ ፈተና ሊያባዛ ቆሞ አይቼው መጥቼ ነበርና የዩኒቨርሲቲ መምህር ያለበት ነው አልኳቸው። ወላሂ ያን ባልል ላፕቶፑን እንኳ አያስከፍቱሽም ነበር።»

ከማዶ የየሺዋስ ፊሽካ ተሰማ። ትሕትና እጇ ላይ ያለው ስልክ ነዘረ፤ ወጣሁ ይላል። ቀጥሎ የማን እንደሆነ ሳታይ አስቀመጠችው። ይህን ጠዋት ብትሰማው ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? አሁን የሚሠራለት ነገር የለም። ወሬው በማጉያ ተቀብሯል።

«ለአንቺው ብዬ ነው» አለች ጀሚላ። «ይቅር አልሽኝ?»

«እሺ።»

ጀሚላ ልትስቅ ብላ ተወችው። የጠዋቱን ታሪክ በሙሉ ሰምታለች። «የትኛው እሺ ነው እሱ?»

ትሕትና ነጠላዋን አራግፋ መንጠቆው ላይ ሰቀለችና ከማሽኑ አጠገብ ወዳለው ቦታዋ ሄደች።

«የሞላ እሺ ነው» አለች። «ገና ጎማ እያስነፋሁ ነው።»