የጉዶቹ መደርደሪያ

…አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ ይቺኛዋ አጭሯ ናት፣ ከዘይት ቋቱ ጠርዝ የወጣችው፣ ዓይኔን ቢሸፍኑኝም አውቃታለሁ፣ አንገቷ ላይ እንደ ኪንታሮት ያበጠች ነገር አለቻት፣ አሥራ አምስት፣ ይሳቁ እንጂ፣ እስኪበቃቸው ይሳቁ፣ እኔ ብሎኔን አጥባለሁ። ነጭ ጋዙ ጣቴን አሳስቶታል፣ ግድ የለም፣ የሳሳ ጣት ጥሩ ያያል፣ አርባ ዓመት እዚህ ጋራዥ በር ላይ፣ እዚህ የተደፋ ሳጥን ላይ፣ ሳፋዬን በጉልበቶቼ መሐል አድርጌ፣ ከሞተር የወጣውን ሁሉ እያጠብኩ ስመልስ፣ ፊደል ሳይተዋወቀኝ አረጀሁ፣ ብቻ የትኛው ብሎን ከየት እንደወጣ ጣቶቼን ጠይቋቸው።

የሚስቁት በልጅ ልጄ ነው። ድንቢጥ ይሏታል፣ ትንሽ ስለሆነች፣ መኪናው በክሪክ ሳይነሳ ከሥሩ ሹልክ ብላ ትገባለች፣ ሲፈልጓት እግሯ ብቻ ይታያል፣ ያውም በወንድ ጫማ። ትናንት ከዚያ ትልቅ የጭነት መኪና ሥር ወጥታ ፊቷን ጠረገችና፣ ክራንኩ ተሰብሯል አለች፣ እንዲሁ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደማለት። ክራንክ ማለት እንግዲህ ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ወፍራም ጠመዝማዛ ብረት ነው፣ ፒስተኖቹ ሁሉ እየረገጡ የሚያዞሩት፣ እሱ ከሄደ ሁሉም ሄደ። በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ መጀመሪያ ሆዱ ነው የሚስቀው፣ እሱ ኋላ ነው የሚደርስበት፣ ክራንኩ ተሰብሮ ነው መኪናው በእግሩ የመጣው? ወገቡ የተቆረጠ ሰው ሲጨፍር አይተሽ ታውቂያለሽ? አላት። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ትንሽ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ፣ ነገሩ ያስቃል።

እሷ አልሳቀችም። በንድፈ ሐሳብ ደረጃ፣ አለች፣ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የተማረችውን ስታወጣ አፏ እንደ ዜና አንባቢ ይሆናል፣ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ስንጥቁ ሙሉ በሙሉ ሳይለያይ ሞተሩ ሊሠራ ይችላል፣ የድምፁ ጠባይ ይህንኑ ያመለክታል፣ በያጁ ደግሞ፣ ኧረ ፍሬንሽን ያዢ ድንቢጥ፣ ተበላን እኮ።

ትልቁ ልጄ፣ አባቷ፣ የጋራዡ አለቃ፣ እሱም አልሳቀም። ይህን መኪና ሁለት ጊዜ ከላይ ከፍቶታል፣ የክዳኑን ጓርኒሲዮን ለውጧል፣ የናፍጣ መርጫዎቹን ለውጧል፣ መኪናው ቆሞ ሲነሳ ጧ ጧ ጧ፣ ነዳጅ ሲረግጡበት ጭጭ፣ እናቱ ስታየው ብቻ እንደሚያለቅስ ልጅ። ሾፌሩ ነገ ሊወስደው ይመጣል፣ ከሽቅቡ መንደር ድንጋይ ጭኖ ቁልቁል ሊወርድበት። ልጄ ሲፈራ አንገቱ ይረዝማል፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ፣ ያኔ የማያስበውን ይናገራል፣ ትናንትም አንገቱ ረዘመና በሁሉም ፊት፣ ይፈታ፣ አለ፣ ክራንኩ ይውጣ፣ ግን ጤነኛ ሆኖ ከወጣ አንቺ ከነገ ጀምሮ እፊት ለፊት የዕቃ መሸጫው መስኮት ላይ ነሽ፣ ሞተር የሚባል ነገር እንዳትነኪ። እሺ አባዬ አለች። እሺ አባዬ ብቻ። እኔ የያዝኩት ብሎን ከእጄ ሳፋው ውስጥ ወደቀ። ይኸው ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሞተሩን እየፈቱት ነው።

ያ መስኮት። መስታወት ነው፣ መሐሉ ላይ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው፣ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ አምፖልና ፊውዝ ማቀበል ነው፣ ቀኑን ሙሉ፣ የዚህች ልጅ ጆሮ እኮ፣ ረጅም ካቻቢቴ ሞተር ላይ ተክላ እጀታውን ጆሮዋ ሥር አድርጋ ስታዳምጥ፣ ሐኪም እርጉዝ እንደሚያዳምጥ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯ እየቆጠረ፣ እሷን መስኮት ውስጥ? አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ ኧረ የት አደረስኩት ቁጥሩን።

ቀና ብል መደርደሪያው አለ፣ ከራሴ በላይ፣ የጉዶቹ መደርደሪያ። ባለቤቴ ነው የጀመረው፣ ነፍሱን ይማረው፣ መኪና ውስጥ የተገኘ ጉድ ሁሉ እዚያ ይወጣል፣ ያገኘው ሰው በገዛ እጁ ያወጣዋል፣ ሁሉም ሥራ አቁሞ የብሎን መፍቻ ኪያቤውን አንድ ጊዜ ብረት ላይ ይመታለታል፣ ከዚያ ቀን ወዲያ ያንን ሰው እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም፣ ሕጉ ይኸው ነው። ያቻትና መሐሏ ቀልጦ የተበሳችው ፒስተን፣ ባለቤቴ ባገኛት ቀን በቀዳዳዋ አጮልቆ አየኝና ጠቀሰኝ፣ የአራት ልጆች እናት ሆኜ አፈርኩ፣ ሲያምርበት። ያ ደግሞ እንደ ሸክላ የፈነዳ ፍሪሲዮን፣ ልጄ ያወጣው፣ ያን ቀን አንገቱ አጭር ነበር። ኮፋኖውን ቀድዶ የወጣው የማራገቢያ ክንፍ፣ በያጁ ያገኘው፣ አገኘው ማለት አናቱን ሊመታው አንድ ስንዝር ቀርቶት፣ እሱ ግን ፈልጌ አገኘሁት ነው የሚለው። የድንቢጥ ምንም የለም። እዚህ ከገባች ሦስት ዓመቷ፣ ምንም።

እና ከዳር ያቺ ብሎን።

ስለሷ አላስብም ብዬ ነበር። የአውቶቡስ መሪ ብሎን፣ ገና አዲስ ሚስት ሳለሁ እያጠብኩ ጥፍሬ አንገቷ ላይ ቆመች፣ ፀጉር የምታክል መስመር፣ ለባለቤቴ ሰጠሁት፣ ብርሃን ላይ ሲይዛት ላብ ላብ አለው፣ አውቶቡሷ በማግስቱ ስልሳ ሰው ልትጭን ነበር። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ራሱ አወጣት። በራሱ እጅ። ወንዶቹ ኪያቤያቸውን መቱለት። አጣቢ ያጥባል እንጂ አያገኝም ይላሉ ብሎ ነው፣ ይስቁብኛል ብሎ፣ በማግስቱ ሰማያዊ ሳፋ ገዝቶልኝ መጣ፣ ይኸው ይቺው ናት፣ ቂጧ ሁለቴ ተበይዳለች። ቂም አልያዝኩም። እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር ናት፣ ሲሄዱ ይረሷታል፣ ሲቆሙ ትቆረቁራለች፣ ሰውዬዬን ግን እወደው ነበር፣ ይሄ ሌላ ነው፣

ወጣ፣ ክራንኩ ወጣ፣ አራት ሆነው ተሸከሙት፣ ቀስ፣ ቀስ በል አንተ፣ ጣቴን፣ ይላል አንዱ፣ በእንጨት ጠረጴዛው ላይ ጋደም አደረጉት፣ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ጥቁር፣ ረጅም፣ ሙሉ።

ሙሉ ነው።

ልጄ በጨርቅ ጠረገው፣ ባትሪ አበራበት፣ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ፣ ገለበጠው፣ እንደገና፣ ምንም። ሙሉ ነው አለ፣ ሳይቆጣ፣ ድክም ብሎ፣ እሱም እኮ ተሰብሮ ቢገኝ ይሻለው ነበር፣ የመኪናው ነገር አሁንም አልገባውም። በያጁ እንኳ አልሳቀም፣ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ይወለውላል። ድንቢጥ እጆቿን ቱታዋ ኪስ ውስጥ ከታ ቆማለች፣ እንደሱ ስትቆም የአምስት ዓመት ልጅ ናት፣ ወደ መስኮቱ አትይ፣ አትይ ልጄ፣ አየች።

ቆይ አልኩ። ማን አለ? እኔ ነኝ፣ ተነስቻለሁ፣ ጉልበቴ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ የሱም ብሎን ላልቷል። ምን ቆይ እማዬ፣ አለ ልጄ። ያልታጠበ ዕቃ ላይ በዚህ ጋራዥ ተወስኖ ያውቃል እንዴ፣ የአባትህን ሕግ አንተ ነህ የሻርከው? እማዬ አሁን ምን፣ ይላል፣ ዞር በልልኝ፣ አልኩት፣ ብሩሼን አቀብሉኝ፣ ሳፋውን ወዲህ።

አጥባለሁ። ከጫፉ። ኮምፕረሰሩ ብቻ ያንኮራፋል፣ ብሩሹ፣ ጋዙ፣ ጨርቁ፣ ብረቱ ከሥር እንደ መስታወት ነው፣ አንደኛው ክርን፣ ንጹሕ፣ ሁለተኛው ክርን፣ ንጹሕ፣ ሦስተኛው፣ እግዜር ያሳይሽ፣ ጣቴ ይሄዳል፣ አውራ ጣቴ በጥፍሯ ትሄዳለች፣ አራተኛው፣ ክብ አንገቱ ከጠፍጣፋው ጋር የሚገናኝበት ጥግ፣ ጥፍር ብቻ የሚገባበት ጥግ፣

ቆመች።

መለስ፣ እንደገና፣ ቆመች። ፀጉር። ከፀጉርም የቀጠነ። የዚያች የዱሮዋ ብሎን እህት። ልቤ ድው ድው እያለች ሞተር ሆናለች፣ እስቲ አሁን ካቻቢቴ ተክለው ቢያዳምጡኝ። አገኘሁት ልበል፣ ዛሬማ ማን ይስቅብኛል፣ አርባ ዓመት እኮ ነው፣ አፌ ላይ ደርሷል፣ አገ… ዋጥኩት። እኔ ካልኩት የሷ አይሆንም፣ አያቷ ናት ያዳነቻት ይላሉ፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ እያሉ ዕድሜ ልኳን ይጠይቋታል፣ እሷ ናት ከውጭ ሆና በጆሮዋ ያገኘችው፣ እኔ ምን አደረግኩ፣ አጠብኩ።

ነይ እስቲ አንቺ ልጅ፣ አልኩ፣ እዚህ ጋ የጋዝ ቅሪት መሰለኝ፣ ጥፍርሽን አበድሪኝ፣ የኔ አርጅቷል።

መጣች። ጥፍሯን አስገባች። ፊቷን አላየሁም፣ አንገቷን ብቻ ነው ያየሁት፣ አንገቷ እንደ አባቷ አይደለም፣ እሷ ስትደሰት ነው የሚረዝመው። ሄዳ ገመድ አመጣች፣ ክራንኩን ከክሬኑ ላይ አንጠለጠለችው፣ ጥግ ላይ ያለውን ጤነኛውን አሮጌ ክራንክም አንጠለጠለችው፣ ትንሽ መዶሻ አነሳችና ጤነኛውን ነካ አደረገችው፣ ድንንንንንን፣ እንደ ደወል፣ አያልቅም፣ ጥርሴ ውስጥ ገባ። ከዚያ የኛን።

ጠቅ።

እንደ ድንች። እንደገና መታችው፣ ጠቅ። ትልቁ ልጄ ባትሪውን አጠፋ፣ አብርቶም አልጠቀመው፣ ሄዶ ትልቁን መዶሻ አመጣና፣ ይሄ ነገር ደስ ይለኛል፣ ለራሱ አልያዘውም፣ እጀታውን ወደሷ አዞረ። ዞር በሉ ሁላችሁም፣ አለ። በሁለት ግንድ ላይ አጋደሙት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድንቢጥ ከነመዶሻው ከመሬት ተነስታ ወረደችበት፣ ለሁለት ሄደ።

ውስጡ፣ ውይ ውስጡ፣ ጥቁር፣ እንደ ተቆረጠ ግንድ ቀለበት በቀለበት ሆኖ የቆየ ስብራት፣ ስንት ወር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲሄድ የኖረ፣ ከዳር ብቻ አንዲት አዲስ የምታበራ ቦታ፣ ጥፍሬን የምታክል፣ በቃ፣ በሷ ነው ተይዞ የነበረው፣ ያ ሁሉ ድንጋይ፣ ያ ሁሉ ቁልቁለት፣ በጥፍር። በያጁ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ወገቡ ተቆርጦ ሲጨፍር አየሁ፣ አለ፣ ምስክር ነኝ፣ ደግሞ ሆዱ ጀመረ፣ ከዚያ እሱ፣ ከዚያ ሁሉም፣ ልጄ እንኳ ጨርቁን ፊቱ ላይ አድርጎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ለሾፌሩ ደውሉለት እያለ፣ እንዳይመጣ፣ ሕይወቱን ድንቢጥ ይዛለታለች በሉት።

ልጄ ኮምፕረሰሩን አጠፋው። ሁሉም ኪያቤውን አነሳ፣ ድንቢጥ አንዱን ግማሽ አቀፈችና መሰላሉን ወጣች፣ መሐል ላይ፣ ከፒስተኗ አጠገብ አስቀመጠችው፣ ኪያቤዎቹ አንድ ላይ ጧ፣ የጋራዡ ቆርቆሮ ዘለለ፣ እኔ በሳፋዬ ጠርዝ በብሩሽ መታሁ፣ አልተሰማም፣ ለኔ ተሰማኝ።

ከዚያ ወርዳ ሁለተኛውን ግማሽ ይዛ ወደኔ። ይሄ ያንቺ ነው እማማ። የምን የኔ፣ እኔ አጣቢ ነኝ። ውሸታም፣ አለችኝ፣ ጆሮዬ ስር፣ ትንፋሽሽ ሲቆም ሰማሁት እኮ፣ የጋዝ ቅሪት ትላለች ደግሞ። ይቺ ጆሮ፣ ይቺ የተረገመች ጆሮ፣ የኔንም ሞተር ታዳምጣለች ለካ። ከባድ ነው አልኩ፣ አባዬ ይደግፍሻል አለች፣ ልጄ ምንም ሳይጠይቅ፣ እርግጠኛ ናት ወይ እንኳ ሳይል፣ ሳጥኔን አነሳና ከመደርደሪያው ሥር ገለበጠው፣ አርባ ዓመት የተቀመጥኩበትን፣ ውጪ እማዬ፣ አለ፣ በጀርባዬ ያዘኝ።

ወጣሁ። ከዚህ ላይ ጋራዡ ሌላ ነው፣ ሳፋዬ ከላይ ሲያዩዋት ሰማይ የወደቀባት ኩሬ ትመስላለች። ኪያቤዎቹ ተነስተዋል፣ በያጁ ሁለት ይዟል፣ ይጠብቁኛል፣ ብረቱ ሆዴ ላይ ይቀዘቅዛል፣ የት ላድርገው፣ ከዳር፣ እዚያው ከዳር፣ ያቺ ብሎን አጠገብ፣ አቧራ ለብሳለች፣ እፍ፣ በል እንግዲህ የኔ ሰው፣ ብቻህን በቃህ፣ ትንሽ ጠጋ በልልኝ።