አንድ እርከን ከፍ ያለው ዕትም

ሠናይት የመዘምራኑን ቡድን የመሠረተችው የኦስሎ ኢትዮጵያውያን ምእመናን አንድ ሳሎን ይበቃቸው በነበረ ጊዜ ነው። አሁን አምሳን አልፋለች፤ ድምፅዋም ወደ ላይ ሲወጣ ይንሸራተት ጀምሯል። መሪው ግዛው ለወጣቷ ለቤቴል ቦታ እንድትለቅ ቢጎተጉታት፣ በሰው ፊት «እኔን የሚያወርደኝ ድምፄ ብቻ ነው!» ብላ አሳፈረችው።

ግዛው ነገሩን ዋጠው። እንደ ፈረንጆቹ በ2008 መጸው፣ ከኖርዌይ ሙዚቀኞች ጋር የሚቀርብ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተደረሰ የላቲን ዝማሬ መረጠ። ለብቻ የሚዘመረውን ክፍል ለሠናይት ሰጣት።

«ካንቺ ሌላ ማን አለን፣ እህት ሠናይት?»

የሰጣት ኖታ አሮጌ ዕትም ነው፤ አዘጋጁ ለጀማሪዎች እንዲቀል ብሎ ዜማውን አንድ እርከን ዝቅ አድርጎታል። እሷ ይህን አታውቅም። በምትሠራበት ሲክየም፣ በአረጋውያን መጦሪያው፣ አዛውንቱን ስታጥብ ታንጎራጉረዋለች፤ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

ግዛው ግን በደራሲው የእጅ ጽሑፍ መሠረት ወደ ጥንት ከፍታው የተመለሰ አዲስ ዕትም አስመጥቶ ከእሷ በቀር ለሁሉም አደለ። ሥራ በምትገባበት ሐሙስ ሐሙስ አስጠናቸው፤ እሷ ስትኖር አሮጌውን ያስዘምራቸዋል። «እኔው እነግራታለሁ» አላቸው። ማንም መልሶ አልጠየቀውም። ከሰፈሯ ከሊንደበርግ በመኪናዋ የምታመላልሳት ባልንጀራዋ ጤናዬ እንኳ ስለ ብርዱ ብቻ ታወራላት ነበር። ከሙዚቀኞቹ ጋር የሚደረገው ልምምድ ሲደርስ ግዛው፣ «አንቺ ቅሪ፤ ድምፅሽን አሳርፊ» አላት።

በዕለቱ አመሩድ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ጢም ብላ ሞላች። ቫዮሊኖቹ ጀመሩ። ሠናይት አፏን ስትከፍት ዜማው ከፍ ማለቱን ከጆሮዋ ቀድሞ ጉሮሮዋ አወቀ። ታግላ ጥቂት ሄደች። ወደ ግዛው ብታይ፣ ፈገግ ብሎ እጁን ከፍ አደረገ። ላይኛው ኖታ ላይ ድምፅዋ እንዳረጀ ጨርቅ ተተረተረ። አንዱ ሳቀ። ያኔ ቤቴል አንድ እርምጃ ወጣ ብላ፣ ሳትደነግጥ፣ እሷ ካቆመችበት ቀጠለች። ተለማምዳዋለች።

መኪና ውስጥ ሠናይት ጠየቀች፦ «ታውቂ ነበር?»

«ያ፣ አውቅ ነበር» አለች ጤናዬ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። «ሁላችንም። ለእኛ ከፍ ያለውን አዲስ ዕትም አድሎን ነበር። አንቺም እኮ በመልካም ሲሉሽ እምቢ አልሽ።»

በማግስቱ እሑድ ግዛው ከመድረኩ ስሟን ጠራ።

«እህታችን ጉሮሮዋን ታማለች፤ እንጸልይላት።»

መዘምራኑ ከበው እጃቸውን ጫኑባት። ቤቴል ከልቧ አለቀሰች። የሠናይት ደም ፈላ፤ ግን ስለ ሁለት ዕትም፣ ስለ አንድ እርከን ብትናገር ዓይኑን ጨፍኖ ለሚቃትት ጉባኤ ምን ይገባዋል? ቂመኛ ከመባል በቀር ምን ታተርፋለች?

«ጌታ ሆይ፣ ትሕትናን አስተምራት» እያለ ጸለየ ግዛው።

«አሜን በይ እንጂ» አለቻት ጤናዬ በጆሮዋ፣ አንገቷን ደገፍ አድርጋ።

«አሜን» አለች ሠናይት። ግዛውም ማይክሮፎኑን ለቤቴል አቀበላት።