ከሰባተኛው ገንዳ የወጣው ወንድ

«መረብ አደባልቀሻል» አለኝ ዶክተሩ፣ ማሰሮው ውስጥ ያለውን ዓሣ ጎንበስ ብሎ እንኳ ሳያይ።

አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ምርምር ጣቢያ የገንዳ ዓሣ ስጠብቅ ይህን ቃል ከማንም አፍ ሰምቼ አላውቅም። እያንዳንዱ ገንዳ የራሱ መረብ አለው። እጀታው ላይ ቁጥሩን በቀለም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የሰባት መረብ ስምንትን አይነካም። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ቆጣሪ» የሚሉኝ ለዚህ ነው። ዶክተሩን ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ የክፍሉ አለቃ ነው፣ የተማረ ነው፣ ጸጉሩም ሸብቷል። በሆዴ ግን ከዚያ ጠዋት ጀምሮ አንተ ሆኗል፤ እዚህም «አሉ» ማለቱን ትቼ «አለ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ዓሦች በሙሉ ሴቶች ናቸው። እናት ሴቶችን ብቻ ትወልዳለች፤ ልጆቿም ፎቶ ኮፒ የተነሱ ያህል ቁርጥ እሷን ናቸው። አባት የሚባል ነገር የላቸውም። ለማርገዝ ግን ወንድ ያስፈልጋቸዋል፤ እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ ግራ የሚጋባው። ከዘመድ ዝርያ አንድ ወንድ እናስገባላቸዋለን፣ የእሱ ዘር እንቁላሉን ይቀሰቅስና እዚያው ይቀራል። ወደ ልጆቹ የሚሻገር ነገር የለውም። በር አንኳኩቶ ቤተሰቡን ከቀሰቀሰ በኋላ ሳይገባ እንደሚመለስ እንግዳ ነው። በሳምንቱ አውጥተን ወደ ራሱ ገንዳ እንመልሰዋለን።

ዶክተሩ ለአንድ የሳይንስ መጽሔት የላከው ጽሑፍ ደግሞ፣ እነዚህ ሴቶች ወንድ የሚሠራውን ጂን ለብዙ ሺህ ዓመታት ስላልተጠቀሙበት ጂኑ ሞቷል ይላል። ማስረጃው እኔ ነኝ። የእኔ መዝገቦች። በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ወንድ አልተወለደም።

እና ከሰባተኛው ገንዳ ወንድ አወጣሁ። ልጆቹን በመጠን ስለይ የአንዱ ከሆዱ ስር ያለው ክንፍ ተጠቅልሎ እንደ መርፌ ቀጥ ብሏል፤ ወንድ የሚታወቀው በእሱ ነው። እንዲህ ያለውን ስናገኝ የዶክተሩ ደንብ አጭር ነው፤ የዘመዱ ዝርያ ግልገል ከመረብ ጋር ሾልኮ ገብቷል ይባልና ይጣላል። ሰባተኛው ገንዳ ግን ዓሦቹ ቆዳቸው ታሞ ለብቻው ተለይቶ የከረመ ነው። ውሃው ለብቻው፣ ጓንቱ ለብቻው። ከውጭ የገባው አንድ ትልቅ ወንድ ብቻ ነው፤ ወንድ ደግሞ ብቻውን አይወልድም።

ስለዚህ ሳልጥለው ማሰሮ ውስጥ አኖርኩት። የዘመዱ ወንዶች ሲያድጉ ጅራታቸው ጥቁር ጠርዝ ያወጣል። አርባ ቀን ጠበቅሁ፣ ጠርዝ የሚባል አልወጣም። ያን ጊዜ ነው ለዶክተሩ ያሳየሁት፤ እሱም መረብ አደባልቀሻል ያለኝ።

«ሰባት እኮ ተለይቶ ነው የከረመው፣ ዶክተር። መረቡም እዚያው ነው የተሰቀለው» አልኩት።

«ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ። ጣይውና ሥራሽን ቀጥዪ።»

ሰው መሆኔን ማንም አልካደም። ደሜ ፈላ። ማሰሮዬን አቅፌ ወጣሁና ከጅራቱ ጫፍ፣ ከእናቱና ከእህቶቹም ጭምር፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ቆርጬ ምድር ቤት ላለችው የዘረመል መርማሪ ወሰድኩላት። መነጽሯ ከፊቷ ስለሚበልጥ «መነጽሯ» ነው የምንላት። ከእሷ ጋር አንቺና አንቺ ነን፤ ማንንም አትፈራም፣ ማንም ደግሞ አያስታውሳትም።

በአራተኛው ቀን ጠራችኝ።

«ቁጭ በይ» አለች። «ልጅሽ የዘመዱ ዘር የለበትም። ከእናቱ ጋር አንድ ነው፣ ከእህቶቹም ጋር።»

«ታዲያ እንዴት ወንድ ሆነ?»

«እሱን አላውቅም። ወንድ የሚያደርገው መመሪያ ግን ሁሉም ውስጥ አለ፤ እናቲቱም ውስጥ። አንብቤዋለሁ፣ ያልተበላሸ ነው። አንድ ነገር ቀስቅሶታል። ሙቀት ይሁን፣ በሽታው ይሁን፣ እንጃ።» መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። «ሞቷል የተባለው ጂን ግን አልሞተም። ብቻ አንድ ዓሣ አንድ ዓሣ ነው፤ አጋጣሚ ነው ይሉሻል። ሌላ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አልኳት፣ አፌን ሞልቼ።

ወሬው ወደ ላይ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ዶክተሩ ቢሮው አስጠርቶ አንድ ቅጽ ሰጠኝ፤ የጥፋት ማመኛ ነው። ከላይ «በግድየለሽነት መረብ በማደባለቅ» ተብሎ ተጽፏል፣ ከስር ለዝርዝሩ ሦስት መስመር ተትቷል፣ ከዚያ ፊርማ።

«ምርመራውስ?» አልኩ።

«የተደባለቀ ናሙና የተደባለቀ ውጤት ነው የሚሰጠው። እስከ ዓርብ ፈርመሽ አምጪ። አለበለዚያ ዓሦቹን የሚጠብቅ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

ቅጹን ይዤ ቤት ገባሁ። ታላቅ እህቴ፣ እታለም የምላት፣ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ሰማችኝ።

«ፈርሚና ተገላገዪ» አለች። «ጣት ለማታህል ዓሣ ብለሽ ከሥራ ልትባረሪ ነው?»

«ግድየለሽ ይላል፣ እታለም።»

መኪናዋን አቆመች። «ማንን?»

«እኔን።»

«አንቺን?» ሳቋ አመለጣት። «ስኳር ስትጨምሪ ቅንጣቱን የምትቆጥሪውን? እኔ በአንቺ ምክንያት በገዛ ቤቴ ማንኪያ ደብቄ ነው የምኖረው።» ከዚያ ሳቋ ቆመና ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እንዳትፈርሚ። መዝገብሽን አውጪና በመዝገብሽ አፉን አስይዢው።»

በማግስቱ ጠዋት ይህንኑ ለማድረግ መዝገቦቼን ከመደርደሪያው አወረድኩ። መረብ ተደባልቆ እንደማያውቅ ከእያንዳንዱ ገጽ ላሳየው ነበር። በሦስተኛው ዓመት መዝገብ ጠርዝ ላይ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ «ገንዳ አራት፤ ባዕድ ወንድ፤ ተጥሏል» የሚል አገኘሁ። ገጽ ገለበጥኩ። «ባዕድ ወንድ፤ ተጥሏል።» እስከ ምሳ ሰዓት ዘጠኝ ቆጠርኩ። ሦስቱ የተጣሉት የዘመዱ ዝርያ ክፍል ለእድሳት ተዘግቶ፣ አንድም ግልገል በሌለበት ወቅት ነው። ከየት ሾልከው ይመጣሉ?

ለመነጽሯ አፌን ሞልቼ አላውቅም ያልኳት ትዝ አለኝና አፈርኩ። ዶክተሩ ወንድ የለም የሚለው መዝገቡን አይቶ ነው። መዝገቡ ወንድ የለም የሚለው ስለምንጥላቸው ነው። የምንጥላቸው ደግሞ ዶክተሩ ወንድ የለም ስላለ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ስንዞር እኔ፣ ሁሉን እቆጥራለሁ የምለው፣ አንድ ቀን ቆም ብዬ አልጠየቅሁም። አንጀቴ እርር አለ፤ በእሱ ብቻ አይደለም፣ በራሴም ጭምር።

ያን ዕለት ከሰዓት ያየሁትን እንዳላየሁ ሆኜ ባልፈው ደስ ባለኝ። መዝገቡን መልሼ ደርድሬ፣ መረብ አላደባለቅሁም ብዬ ብቻ መከራከር እችል ነበር፤ ማንም ጠርዝ ላይ የተጻፈ አያነብም። ግን እንዲያ ካደረግሁ ከእሱ በምን እሻላለሁ?

ዓርብ ጠዋት ቢሮው ገባሁ። ዶክተሩ ፈገግ ብሎ ወንበር አሳየኝ። አልተቀመጥኩም። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁና ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር በማስመሪያ ሰረዝኩት። ከዚያ ማታ ቤቴ ጽፌ የፈረምኩትን ቃል በቃል ሦስቱ መስመሮች ላይ ገለበጥኩ፣ ስላልበቃኝ ከስር ቀጠልኩ።

«መረብ አላደባለቅሁም። ያጠፋሁት ሌላ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከሴቶቹ ገንዳ ዘጠኝ ወንዶች አውጥቼ ጥያለሁ። የማን ልጆች እንደሆኑ ሳላስመረምር ነው የጣልኳቸው። ያዘዙት የክፍሉ አለቃ ናቸው፤ የጣለው እጅ የእኔ ነው። ቀናቸውና የገንዳ ቁጥራቸው ከዚህ ጋር ተያይዟል። አሥረኛው በሕይወት አለ።»

ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

ዶክተሩ አነበበ። ደግሞ ከመጀመሪያው አነበበ። ፈገግታው ወዴት እንደገባ እንጃ።

«ይህ እኮ እኔን ነው የሚከስሰው» አለ።

«እኔንም ይከስሳል» አልኩ። «እኔ ግን ፈርሜያለሁ።»

«ከዚህ ክፍል ወጥቶ ማን እጅ እንደሚገባ ታውቂያለሽ?»

«አንዱ ቅጂ መነጽሯ ዘንድ ነው። አንዱን እርስዎ ጽሑፍዎን ለላኩበት መጽሔት ዛሬ ጠዋት ልኬዋለሁ። ይህ የእርስዎ ነው።»

ጣቱን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ። «ከሰኞ ጀምሮ ገንዳዎቹ ዘንድ እንዳላይሽ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እንደሚለው አውቄ ነበር የገባሁት። አሥራ አንድ ዓመት ግን ቀላል አይደለም። ቢሆንም ወረቀቱን ወደ እሱ አዞርኩለት፣ ከስሜ ስር ጣቴን አሳረፍኩ።

«እዚህ ጋ ለትእዛዙ ባለቤት አንድ መስመር ትቻለሁ» አልኩና እስክሪብቶውን ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። እኔም እጄን አላጠፍኩም።