መታጠፊያው ላይ የምትቆመው መኪና

ሰፈርተኛው «እማማ ቀስ» ይላቸዋል። ለሚሮጠውም ለሚራመደውም፣ ሻይ ፉት ለሚለውም ሳይቀር «ቀስ፣ ልጄ» ሳይሉ ስለማያልፉ ነው። የልጅ ልጃቸው ታዲያ መካኒክ ሆና አረፈችው። ያም አልበቃ ብሎ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሸራ ለብሳ የኖረችውን የሟች ባላቸውን መኪና ገልጣ አስነሳቻት።

መኪናዋ ብትነሳም አንድ አመል አወጣች። ከግቢ ወጥታ፣ ዳቦ ቤቱን አልፋ፣ ዳገቱን ተያይዛ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ እንደ ሰው ሁለቴ ስላ ቀጥ ትላለች። ሩብ ሰዓት ቆይተው ቁልፉን ሲያዞሩት ምንም እንዳልሆነ ትነሳለች። ሦስት ቀን ተሞከረች፤ ሦስቱንም ቀን እዚያው።

ባላቸው የሞቱት እዚያ መታጠፊያ ላይ ነው።

«ካርቡሬተሩን አጠብኩ፣ ፊልትሮውን ቀየርኩ፣ ፓምፑም ደህና ይገፋል» አለች ልጅቱ እጇን በጨርቅ እየጠረገች። «ቤንዚኑ የሆነ ቦታ ይታነቃል። ዳገት ላይ ብዙ ስትጠጣ ያልቅባታል፣ አረፍ ስትል ይሞላላታል።»

«እሱ ነው የሚያቆማት» አሉ እማማ ቀስ ከበርጩማቸው ሳይነሱ።

«ማን? አያቴ? እንግዲያው ንገሪው እምዬ፣ መፍቻ ያቀብለኝ። ብቻዬን ወገቤ ተቆረጠ።»

አልሳቁም። ልጅቱ ቅዳሜ በዚህችው መኪና ተራራውን ተሻግራ ወደ አዲሱ ሥራዋ ልትሄድ ነው። መንገዱ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው የጭነት መኪና ነው። እዚያ መሀል ቀጥ ብትልስ? ደግሞ ሰሞኑን፣ ከሳጥናቸው የሚያወጡት መሐረብ ሁሉ ቢያጥቡትም ቢያሰጡትም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታቸዋል። ልጅቱ አሽትታ «ሳሙና ነው» ትላለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ከመኪናዋ ሥር ተንጋላ ሳለ፣ እግሯን ብቻ እያዩ መናገር ቀለላቸው።

«ልጄ፣ ታንከሩ ውስጥ ጨርቅ አለ።»

የመፍቻው ድምፅ ቆመ። «የምን ጨርቅ?»

«የኔ መሐረብ። እኔ ነኝ የከተትኩት።»

እማማ ቀስ ቀጠሉ። «አያትሽ ልቡ ደክሞ፣ ሐኪም መንዳት ከልክሎት ነበር፤ እሱ ደግሞ ማን ሊሰማ? አንድ ጠዋት ወንድሜን ልጠይቅ ብሎ ተነሳ። ጢሙን እስኪላጭ ወጣሁና ክዳኑን ከፍቼ በእንጨት ገፍቼ ከተትኩት። አትነሳለትም ብዬ ነበር። ተነሳችለት።

ዳገቱ ላይ ቆማበት፣ ከሷ ጋር ሲታገል ልቡ ከዳው። ለእናትሽ እንኳ አልነገርኩም። አንቺን ግን ወደ ገደል ስትሄጂ እያየሁ ዝም ልበል?»

ልጅቱ ተስባ ወጣች። አልተቆጣችም፣ አላባበለችምም፤ ቤንዚኑን ቀድታ ታንከሩን አወረደችው። ዝገት ወጣ። አንድ የሞተ ጥንዚዛ ወጣ። መሐረብ ግን የለም።

«ሟሙቶ ይሆን?» አሉ በቀጭን ድምፅ።

«ጨርቅ በቤንዚን አይሟሟም፣ እምዬ።»

ከኋላ ወንበር ሥር የአያቷ የመፍቻ ቦርሳ ነበር። ዘለበቱ ዝጎ ስለተጣበቀ፣ እሷም የራሷ መፍቻ ስላላት እስካሁን አልነካችውም። በፒንሳ ሰበረችው። ከመፍቻዎቹ መሀል ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ሽቦ፣ ከአጠገቡ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ መሐረብ አለ፤ በአራት ታጥፏል። ባላቸው ጋዜጣውንም ደረሰኙንም በአራት ነበር የሚያጥፉት።

ልጅቱ መሐረቡን አሸተተች። ይህን ጊዜ «ሳሙና ነው» አላለችም።

«መንገድ ላይ ስትቆምበት ክዳኑን ከፍቶ አወጣው ማለት ነው» አለች። «ያን ቀን መኪናዋ ስትገኝ ፊቷ ወዴት ነበር?»

«ወደ ቤት። ሰዎች ያዞሯት መስሎኝ…»

ያን ቀን ባላቸውን ያገኛቸው ዳቦ ጋጋሪው ነው። ልጅቱ ወርዳ ጠይቃው ተመለሰች። «ማንም አላዞራትም ይላል። አያቴ መሪው ላይ ተደፍቶ፣ ሞተሩ ግን ይሠራ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ይላል።»

እማማ ቀስ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ወደ ቤት እየተመለሰ ነበር። ሊቆጣ ይሁን ሊስቅ፣ ማን ይንገራቸው?

ብልሽቱን ልጅቱ በማግስቱ ደረሰችበት፤ ከታንከሩ የሚወጣው አጭር የጎማ ቱቦ ነው። በቢላ ሰነጠቀችው። ላዩን ደህና ነው፤ ውስጡ ተልጦ፣ ቤንዚኑ በኃይል ሲሳብ የተላጠው ይጣበቅና መንገዱን ይዘጋል። በአዲስ ቀየረችው።

ቅዳሜ ጠዋት እማማ ቀስ እስከ መታጠፊያው አብረው ወጡ። መሐረቡን መልሰው ቦርሳው ውስጥ ከተዋል፤ ከመኪናዋ ጋር ይሂድ ብለው። ዳቦ ቤቱን አለፉ። ዳገቱን ወጡ። እጃቸው የበሩን መያዣ ጨብጦ ሁለቱን ሳል ጠበቀ። ሳሉ አልመጣም።

«እዚህ አቁሚኝ።»

ልጅቱ ሞተሩን ሳታጠፋ አቆመች። ጋጋሪው ያን ቀን የሰማው ድምፅ ይኸው መሆን አለበት። ሰሙት፤ ከዚያ ወረዱ።

«ቀስ አትይኝም፣ እምዬ?»

«ሂጂ፣ ልጄ።»

መኪናዋ ታጥፋ ተሰወረች። ድምፅዋ እስኪጠፋ ቆመው፣ በእግራቸው ወደ ቤት ቁልቁል ጀመሩ። መሐረቡ አብሯቸው የለም። የቤንዚኑ ሽታ ግን ከጎናቸው፣ በሳቸው እርምጃ ልክ፣ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ቀስ እያለ ወረደ።