ከሥር የተበላው ሳህን

"ማነው እጁን ውሃዬ ውስጥ የከተተው?"

በያጁ ቀኝ ክንዱን እስከ ብብቱ ገንዳው ውስጥ እንደነከረ ነው የጮኸው። የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦት ነበር፤ ግን ወርዶ ረጥቧል። ሁለቱ ብርቱካንማ ዓሣዎች ከድምፁ ይሁን ከክንዱ ሸሽተው ከድንጋዩ ጀርባ ተሸጉጠዋል።

"ማንም አልነካውም" አለች ሚስቱ ከወጥ ቤት። "እኔ ገንዳህ አጠገብ ከደረስኩ ሰንብቻለሁ። መስታወቱን እንኳ አልወለውልም፣ መረዝሽው እንዳልባል።"

"ታዲያ ይኼ ምንድነው? ነይና እይዋ!"

እጇን በቀሚሷ እያደራረቀች መጣች። ገንዳው የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ይዞታል፤ የቆመበትን የብረት እግር የበየደው ራሱ ነው። መሀል ላይ፣ ከድንጋዩ በቅሎ፣ ኮራሉ፣ ያ እንደ ድንጋይ እየጠነከረ የሚያድግ የባሕር እንስሳ፣ ተዘርግቷል፤ ሰፊ፣ ስስ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እንደተደረደረ ሳህን፣ ቀለሙ እንደ ሸክላ ቀይ። ሲገዛው ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም ነበር። አሁን በሁለት እጅ አይታቀፍም። ቤተሰቡ ሁሉ "ሳህኑ" ይለዋል።

ዛሬ ግን በጠርዙ ላይ የነበረው ነጭ ቀለም አልፎ ወደ መሀል ገብቷል። የበያጁ ጣት ያረፈበት ቦታ ቀይ ሥጋ አልነበረውም፤ ሻካራ አጥንት ብቻ።

"ነጭ ነው" አለች።

"ነጭ መሆኑንማ አይቻለሁ! ዓይን አለኝ እኮ!"

"ምን ትጮህብኛለህ? ጠርዙ ሲነጣ እያደገ ነው ያልከው አንተ አይደለህ? የመጣውን እንግዳ ሁሉ በክንዱ እየጎተትክ 'እዩት፣ አደገ' ስትል የከረምከው ማን ሆነና ነው?"

በያጁ ይበልጥ ተናደደ። ያለው ሐሰት አልነበረም። ጤነኛ ሳህን ሲያድግ በጠርዙ ዙሪያ ክር የምታህል ነጭ መስመር ያወጣል። ያቺን መስመር ባየ ቁጥር ደረቱ ይነፋ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ ብየዳ ቤቱ ከመውረዱ በፊት በትልቅ መርፌ ውሃ እየረጨ ከሳህኑ ላይ ደለሉን ይጠርጋል፤ ሳህን የወደቀበትን ሁሉ ይይዛልና፣ ደለል የተኛበት ሥጋ ይበሰብሳል። ፓምፖቹን ውሃው በላዩ እንዲያልፍ እንጂ እንዳይገርፈው አድርጎ አዙሯቸዋል። የላይኛው ደርብ የታችኛውን ብርሃን እንዳይነፍገው መብራቱን ያዘነብላል። ለዚህ ድንጋይ ያደረገውን ለእሱ ማንም አላደረገለትም። ይህንንም ሳያስበው የዋለበት ቀን የለም።

ስለ ነጩ መጀመሪያ የተናገረው ዶክተሩ ነበር። ዶክተሩ ታናሽ ወንድሙ ነው፣ ጥርስ ሐኪም። ባለፈው እንግዶች በተሰበሰቡበት መጥቶ መስታወቱ ላይ ተደፍቶ ቆየና፣ "ጋሼ፣ ነጩ አልበዛም? ከሥሩ አይተኸዋል?" አለ።

"ጥርስ መሰለህ እንዴ?" አለው በያጁ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሩም አብሮ ሳቀ። በያጁ ያችን ሳቅ ብዙ ቀን ሲያላምጣት ሰነበተ። ወንድሙ በነገታው የጥርስ ሐኪሞች አፍ ውስጥ የሚያስገቧትን ትንሽ ክብ መስታወት ላከለት፤ ሥሩን እንድታይበት ብሎ። በያጁ ግን ስድብ አድርጎ ቆጠራትና መሳቢያ ውስጥ ወረወራት።

የሁለቱ ነገር የዛሬ አይደለም። ልጆች ሳሉ አባታቸው አንዱ ይማር፣ አንዱ ያግዘኝ ብለው ፈረዱና ታላቁን ከስድስተኛ ክፍል አውጥተው ብረት አስያዙት። ማን ጠየቀው? ማንም። ታናሹ ብረቱ ባመጣው ተማረ። በሠርጉ ቀን ማይክራፎን ይዞ "ወንድሜ ብዙ አልተማረም፣ እጁ ግን ወርቅ ነው" አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። በያጁም አጨበጨበ፤ ምን ያድርግ? የወንድሙ ክሊኒክ ሲከፈት የውጭውን በር የሠራው እሱ ነበር። ጥርሱን ሊያሳይ በሄደ ጊዜ ዘበኛው እዚያው በር ላይ አቁሞ "ማንን ፈልገህ ነው?" አለው። ሳይታይ ተመለሰ። እስከ ዛሬም በአንድ በኩል ነው የሚያኝከው።

"ወንድምህ የሰጠህ መስታወት የት ደረሰች?" አለች ሚስቱ።

"ወዲያ በይልኝ እሱን!"

መሳቢያውን ስትከፍት ግን አልከለከላትም። ከእጇ ቀምቶ መስታወቷን ከሳህኑ ሥር አስገባት፤ በሌላው እጁ የእጅ ባትሪ አበራ። መጀመሪያ የራሱን ጣት አየ። ቀጥሎ የሳህኑን ሆድ አየ።

ግማሹ ተግጧል። በቀዩና በነጩ ድንበር ላይ የሩዝ ስባሪ የሚያህሉ ነጫጭ ነገሮች ተደርድረዋል፤ ጀርባቸው ጸጉራም፣ እየተሳቡ የሚበሉ። በየስንጥቁ ደግሞ እንቁላላቸው ተለጥፏል። በላይ በኩል ደለል ሲጠርግ፣ ብርሃን ሲያዘነብል፣ ሲኩራራ፣ እነሱ ከታች ሆነው ቤቱን እየበሉበት ነበር።

"ትል ነው" አለ። ድምፁ ወረደ። ከዚያ መልሶ ጮኸ፦ "ትል ነው! ያ ቀጣፊ ትል ሸጠልኝ!"

ስልኩን በእርጥብ እጁ አነሳና ዓሣ ነጋዴው ጋ ደወለ።

"አቤት መምህሬ!" አለ ነጋዴው። "ሳህንህ እንዴት ነው?"

"ባለፈው የሰጠኸኝ የሳህኑ ዓይነት አረንጓዴ ኮራል ቁራሽ ትል ነበረበት!"

"ትል? ከኔ ቤት? የኔ ውሃ እኮ ይጠጣል።"

"የጨው ውሃ ማን ይጠጣል አንተ ውሸታም!"

"አትቆጣ ጌታዬ። አዲስ ኮራል ገንዳ ሳይገባ መድኃኒት ውስጥ ይነከራል። ይኼን እንኳን አንተ ሕፃንም ያውቀዋል።"

"ልንከረው ወይ ብዬ ስጠይቅህ 'ያንተ ዓይነት ባለሙያ ምን መንከር ያስፈልገዋል፣ ዓይንህ ይበቃል' አላልከኝም?"

"ታዲያ ዓይንህ አልበቃም?"

በያጁ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረው። ያ ሰው ያለው እውነት መሆኑ ነበር የሚያንገበግበው። ያን ቀን "ባለሙያ" ሲባል ሆዱ ሞቅ ብሎት፣ ቁራሹን በላስቲክ እንደያዘ ቤቱ ገብቶ፣ ሳይነክር ከሳህኑ ጎን አስቀምጦታል። በሱቁ ውስጥ ቆመው የነበሩት ገዢዎች ዞር ብለው አይተውት ነበር። በዚያች ዞር ማለት እሱ ራሱ ተሸጠ።

"አሁን ምን ይሻላል?" አለች ሚስቱ። "ነቅለህ ንከረዋ።"

"እንዴት ነው የሚነቀለው? ከድንጋዩ ጋር አንድ ሆኗል! ሊወጣ የሚችለው ሲሰበር ነው። ቢሰበርስ? እንቁላሉን መድኃኒት አይገድለውም። ዛሬ ነክሬ መልሼ ባስገባው ነገ ይፈለፈላል።"

"ከሌላ ሰው ላይ ቁራሽ ወስደህ እንደገና ትጀምራለህ።"

"ከማን?"

ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች ልማዳቸው ነው፤ ከራሳቸው ሰብረው ለሌላው ይሰጣሉ፣ የአንዱ ሲሞት ከሌላው ቤት ይመለስለታል። በያጁ ግን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ስንቱ ለምኖታል። ጎረቤቱ ለምኗል፣ ደንበኞቹ ለምነዋል። "ከጥፍር ጀምራችሁ አሳድጉ፣ እኔም እንደዚያ ነው ያሳደግኩት" ይላቸዋል። ሌላ ሰው ቤት ካለማ ብርቅነቱ የታለ? በሕይወቱ ሌላ ሰው የሌለውን ነገር ያገኘው ይኼን ብቻ ነው። አሁን ይኼ ከሞተ ዘሩ ጠፋ።

ሚስቱ ስልኳን አውጥታ ትደውል ጀመር።

"ለማን ነው?"

"ለወንድምህ።"

"ዝጊው! ዝጊው ብዬሻለሁ! ነግሬህ ነበር ሊለኝ ነው?"

"እሱ ጋ አለ" አለች።

"ምን?"

"ከሳህኑ። ቁራሹ እሱ ጋ አለ።" ስልኩን ደረቷ ላይ ያዘችው። "የዚያን ጊዜ፣ በር ልትተክል ሄደህ መብራት ሲጠፋ፣ ውሃውን በእጅሽ አማስዪ፣ አየር እንዳያጥረው ብለህ የደወልክልኝ ቀን። ሳማስል ጭልፋው ነካውና ጫፉ ተሰበረ። ብነግርህ ቤቱን በላዬ ላይ ታፈርሰው ነበር። በጠርሙስ አድርጌ ወሰድኩለት። እሱም ለዚያች ቁራሽ ብሎ ገንዳ ገዛ።"

በያጁ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ወንድሙ ገንዳ የገዛ ጊዜ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራው ትዝ አለው፤ "ቀናብኝ፣ ያለኝን ሁሉ ካላገኘ አያርፍም" እያለ።

"ሌባ" አለ። "ሁለታችሁም ሌቦች ናችሁ። በገዛ ቤቴ!"

"ሌባ በለኝ። ግን ባንሰርቅህ ኖሮ ዛሬ ምን ይኖርህ ነበር?"

ስልኩ ተነሳ። ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"እትዬ፣ ደህና ነሽ?" አለ ዶክተሩ። ከኋላው የውሃ ፓምፕ ይንሿሿል።

"ሰማህ?" ጮኸ በያጁ። "ትል ነው። ከሥሩ ነው። ደስ ይበልህ!"

"ምን ደስ የሚል አለው ጋሼ?"

"ነግሬው ነበር በላ! ማይክራፎን ያዝና ተናገር! ወንድሜ አልተማረም፣ እጁ ግን ወርቅ ነው በል!"

"መቼ ነው እንዲህ ያልኩት?"

"በሠርግህ!"

"ጋሼ... ይኼን ሁሉ ዓመት? ላመሰግንህ ብዬ እኮ ነው።"

"ማመስገንህንማ አውቃለሁ! የሚያቃጥለኝ እሱ አይደል! ብትሰድበኝማ ተሳድቤ እገላገል ነበር!"

"ልክ ነህ" አለ ዶክተሩ። "ያን ማለት አልነበረብኝም። አሁን ግን ስለ ሳህኑ እንነጋገር፣ በኋላ ስደበኝ። እነዚያ ትሎች ከዚህ ዓይነት ኮራል በስተቀር ሌላ አይበሉም። ከገንዳህ ውስጥ አንድ ፍርፋሪ ሳታስቀር ብታወጣው በረሃብ ያልቃሉ። ወራት ባዶውን ይቆይ። የኔ ንጹሕ ነው፣ የሻይ ሳህን አክሏል። አሁን ላምጣልህ?"

"እንዳታመጣ!" በያጁ ተነሳ። "አብደሃል? እዚህ ቢገባ ያም ሊበላ ነው? በሬን እንዳትረግጥ። ከኔ ቤት የወጣ ዕቃ ያንተን ገንዳ እንዳይነካ፣ ያቺን መስታወትህንም አልመልስም።"

"እሺ ጋሼ።"

በያጁ ወደ ብየዳ ቤቱ ወርዶ መሮና መዶሻ ይዞ ተመለሰ። ፓምፖቹን ነቀለ። ውሃው ቆመ፤ ሳህኑ በመብራቱ ሥር ከላይ ሲያዩት አሁንም ቆንጆ ነበር። ሚስቱ ባልዲ አቀረበችለት። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነው።

"ብረት ያዝክ እንዴ?" አለ ዶክተሩ ኳኳታውን ሰምቶ። "ጋሼ፣ መጥቼ ላግዝህ?"

"ብረት አንተ አታውቅም።"

መሮውን ከሥሩ፣ ድንጋዩና ሥጋው ከተገናኙበት ላይ አሳረፈው። የመጀመሪያው ምት ውሃ ውስጥ ድምፅ አልነበረውም፤ በክንዱ ብቻ ነው የተሰማው። ሁለተኛው ላይ የላይኛው ደርብ ተገንጥሎ ዘመመ። ያዘውና አወጣው። ከውሃ ሲወጣ ከብዶ ነበር፤ ገልብጦ ሆዱን አየ፣ ትሎቹ ብርሃኑን ሸሽተው ተኮማተሩ። ባልዲው ውስጥ ወረወረው። የሚስቱ ዓይን እንባ ሞላ፤ የእሱ አልሞላም። አረንጓዴውን ቁራሽ ነቅሎ በላዩ ጣለበት።

"ስማ" አለ ወደ ስልኩ፣ ፊቱን ሳያዞር።

"አቤት።"

"ያንተን ከጠርዙ ስበርና ለሰዎች ስጥ።"

"እንዴ? ላንተ እንጂ ለማን?"

"ለጠየቀህ ሁሉ። አንተ ቤት ብቻ መቀመጥ የለበትም። አላምንህም። መብራት ቢጠፋብህስ? ያ ዘበኛህ እጁን ቢከትበትስ?"

"እሺ፣ እሰጣለሁ። ሰዎቹን ከማን ነው የመጣው ልበላቸው? ያሳደግከው አንተ ነህ፣ ስምህን ልንገራቸው?"

በያጁ ክንዱ ላይ የሚወርደውን ጨዋማ ውሃ አየ። ሚስቱም እሱን አየችው።

"ምንም አትበላቸው" አለ። "ዝም ብለህ ስጥ።"

ከዚያ መሮውን ሁለተኛው ደርብ ሥር አስገባና መዶሻውን አነሳ።