የፊቤ አንበሳ ሳህን

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ ሰፈር፣ በፊቤ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡት በለጥሽ፣ ባሏ ሀቢሶና ሽማግሌው ጋሼ ዱካሞ ነበሩ። የቅዳሜው ጸሎት ጻካኔ ሰፈር ካለው ከበለጥሽ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ያን ዕለት የተዛወረው የበለጥሽ ጣሪያ በዝናብ ስላፈሰሰ ነው፤ ያውም «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ። በለጥሽ ግን የፊቤን ጠረጴዛ ስታይ ልቧ ፈራ።

ሳህኖቹ ነጭና ስስ ናቸው፤ ጠርዛቸው በወርቅ ቀለም ተከቧል። በየሳህኑ መሀል ቀይ ጋሻ፣ ከጋሻው በላይ ደግሞ የእንስሳ ራስ ተሥሏል።

«ብራክፓን ከተማ ያለች ነጭ አሮጊት ቤቷን ስትለቅ ነው የሸጠችልኝ» አለች ፊቤ። «ከአውሮፓ የመጣ የድሮ ባላባቶች ዕቃ ነው። ይቺ የዘራቸው ምልክት ናት። አንበሳ!»

«እሰይ! ለጋሼ የሚገባ ሳህን!» አለ ሀቢሶ።

ያ «እሰይ» በለጥሽን እንደ ሚጥሚጣ ለበለባት። ለእሷ ሳህን አንድ ቀን እሰይ ብሎ አያውቅም።

ክትፎውን ላውጣ ብላ ወጥ ቤት ገባች። አንዱን ሳህን አንሥታ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። አንበሳ? ጎፈር የለው፣ አፍንጫው ድፍጥጥ ያለ፣ ጥርሱ ከከንፈሩ ወጣ ያለ። አሳማ ነው! ጋሼ ዱካሞ ደግሞ የአሳማ ሥጋ የሚሸጥበት ሱቅ እንኳ አይገቡም።

ፊቤን ልትጠራ አፏን ከፈተች። ሳሎን ውስጥ ሀቢሶ አሁንም ሳህኑን ያወድሳል። አፏን ዘጋች። ክትፎውን ከምራ የእንስሳውን ራስ ሸፈነችውና ለጋሼ ወሰደችላቸው።

ለማዕዱ ሲጸለይ ዓይኗን አልጨፈነችም። ጋሼ ቆጯቸውን ቆረስ እያደረጉ ክትፎውን ከዳር ከዳር ይበላሉ፤ ያወራሉ፤ ደግሞ ትንሽ ይበላሉ። በለጥሽ ሥዕሉ እስኪገለጥ ከሶፋው ጥግ እጃቸውን ስትከተል ትዕግሥቷ አለቀ።

«ውይ! አሳማ!» ብላ ጮኸች።

ሁሉም ዞረው አዩአት። ጋሼ ሳህናቸውን አዩ፤ መሀሉ እንደተሸፈነ ነው። በቆጮው ገለጥ አደረጉት። የፊቤ ፊት አመድ መሰለ።

ጋሼ ግን በሳቅ ፈነዱ። «ከርከሮ ነው እንጂ! የአባቴን እንሰት የጨረሰው ይኸው! አባቴ ገድሎ ጭንቅላቱን አጥር ላይ ይሰቅለው ነበር። እነዚህ ባላባቶች ደግሞ ሳህን ላይ ሰቀሉት። ጨምሪልኝ ልጄ፣ ዛሬ ተበቀልኩት!»

ሳቁ ሲበርድ ፊቤ ወደ በለጥሽ ዞረች።

«እህቴ፣ ተሸፍኖ ሳለ እንዴት ታየሽ?»

በለጥሽ ለጋሼ ክትፎ ልጨምር ብላ ወደ ወጥ ቤት ተነሣች። ሀቢሶ አቀርቅሮ ወለሉን ያያል።

የጻካኔው ጣሪያ በሳምንቱ ተጠገነ። የቅዳሜው ጸሎት ግን እዚያው ካትሌሆንግ፣ ፊቤ ቤት ቀረ።