የፈታሁት ብዕር

አላዩኝም፣ እህል ተራውን አልፈው በጨው ተራ በኩል ዞር ብለዋል፣ ወደ ቤታቸው ነው የሚሄዱት፣ አርብ አይደል፣ የጋይንት ሰው ሁሉ ዛሬ አርብ ገበያ ነው፣ መምሬ ገብረ መድኅንም እንደ ሰው ጨው ሊገዙ ይወጣሉ፣ የግድ ወደ እኔ አይመጡም፣ ጎንበስ በል በላይነህ፣ ማመልከቻህን ጻፍ።

ጻፍ። ለክቡር ፍርድ ቤት። አመልካች ወይዘሮ ቦጋለች፣ ተጠሪ የባሏ ወንድም፣ የነገሩ ምክንያት፣ ተጠሪው በክረምት ድንበር ገፍቶ የገብስ ማሳዬን ስላረሰብኝ፣ እሷ ምስክሮቿን ልትጠራ ሄዳለች፣ ብዕሩ ግን ይሄዳል፣ ቁልቁል ሲወርድ ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል፣ የ«ሰ» ሁለት እግር እንደ ቤት ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ደስ ይላል። አይ፣ ደስ አይልም፣ ደስ ይል ነበር፣ በጥቅምት፣ አሁን እያንዳንዷ ፊደል ቀና ብላ የማን ነኝ ትለኛለች።

የሳቸው ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው ክቡር ፍርድ ቤት። እኔ አመልካች፣ አመልካች አይደለሁም፣ ተከሳሽ በላይነህ ካሴ፣ ሥራዬ እዚሁ ፍርድ ቤቱ ደጅ ወይራው ሥር ማመልከቻ መጻፍና የተበላሸ ብዕር መጠገን፣ ከስማዳ ከወገዳ ሳይቀር ጸሐፊውም አስተማሪውም ብዕሩን ይልክልኛል፣ የአንዱን ጫፍ ለሌላው፣ የሌላውን ምላስ ለዚያኛው፣ ከሦስት የሞተ ብዕር አንድ የሚጽፍ አወጣለሁ፣ ምላስ የምላት ከጫፉ ሥር የምትተኛውን ጥቁሯን ናት፣ እንደ ፀጉር በቀጠነች ቦይ ቀለሙን የምታወርደውን፣ ስሟን የነገረኝ የለም፣ እኔው ነኝ ያወጣሁላት። ቀለም የምታወርድ ምላስ ናት፣ ፊደል የሚያሳምረው ግን ጫፉ ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸው አያውቁም፣ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው።

መስከረም ላይ መምሬ ብዕራቸውን አመጡ። ልጄ፣ ቀለሙ አልወርድ አለኝ፣ እስቲ እየው። ኮርያ የዘመተው ወንድማቸው ያመጣላቸው ብዕር ነው፣ ጥቁር፣ ጫፉ ወርቅ፣ ወንድምየው ከዘመቻ በደኅና ተመልሶ አምና በትኩሳት ሞተ፣ እሳቸውም ለነፍሱ ብለው የጸሎት መጽሐፍ በዚያው ብዕር ጽፌ ለደብሩ እሰጣለሁ ብለው ተሳሉ፣ አጋምሰውት ነበር። ፈታሁት። ምላሷ ደርቃ ተዘግታለች፣ ሌላ ምንም የለበትም፣ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ ቦይዋን በፈረስ ጭራ ፀጉር ጠረግሁ፣ አለቀ፣ የቀረው መልሶ መግጠም ነው።

አልገጠምሁም። ጫፉን አንሥቼ ወደ ብርሃን ያዝሁት። ስምንት ዓመት የአንድ ሰው እጅ ገፍቶታል፣ አንድ ጎኑ ተሞርዶ ልክ እንደተቀረጸ መቃ ሆኗል፣ እሳቸው በወጣትነታቸው ብራና ላይ በመቃ የጻፉ ናቸው፣ እጃቸው ሳያውቁት ወርቁን ወደ መቃ መልሶታል። እስቲ ልሞክረው አልሁ፣ አንድ መስመር ብቻ፣ በኔ ብዕር ላይ ሰካሁትና ስሜን ጻፍሁ፣ ስሜን አላወቅሁትም። የሊቅ ስም መሰለ። ሠላሳ አራት ዓመት የተሸከምሁት ስም ያን ዕለት ነው ያማረው።

የኔን የብረት ጫፍ በሳቸው ብዕር ላይ ሰካሁ፣ እሱም ቢጫ የተቀባ ነው፣ ዓይናቸውም ደከም ብሏል፣ ነገ እመልሰዋለሁ፣ ለነገማ እንጂ ለዘለዓለም ማን ወሰደ፣ መጡ፣ ወሰዱ፣ ስንት ልስጥህ አሉኝ፣ ኧረ ከእርስዎማ አልቀበልም አባቴ፣ ምርቃትዎ ይበቃኛል። እጅህን ይባርከው አሉ። የሰረቀውን እጅ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት ይኸው ነው።

እና ለምን ሰረቅህ፣ ቢለኝ ዳኛው። ድሃ ስለሆንሁ ነው እንዳልል ወርቁን አልሸጥሁት። ልንገርዎ ክቡር ዳኛ፣ እኝህ ሰው የኔታዬ ነበሩ፣ ቁም ጽሕፈት እማር ነበር፣ አንድ ቀን ወረቀቴን ከፍ አድርገው ለተማሪው ሁሉ አሳዩት፣ ይህን የጻፈው ሰው ነው ወይስ ዶሮ አሉ፣ ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ፣ አንተ ልጅ፣ እጅህ ለሞፈር እንጂ ለብዕር አልተሠራም። ሁለት ቀን ታገሥሁ፣ በሦስተኛው አኮፋዳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ሃያ ዓመት አለፈው። ቂም አልያዝሁም እል ነበር፣ የነፍስ አባቴም አድርጌያቸዋለሁ፣ ልጆቼን አጥምቀውልኛል፣ ታዲያ ጥቅምት ላይ ዳኛው ማመልከቻዬን ከፍ አድርገው ይህ የማን እጅ ነው ሲሉ፣ ጸሐፊው የበላይነህ ነው ሲል፣ መጀመሪያ የመጣልኝ የዳኛው ፊት አይደለም፣ የነዚያ የሳቁት ልጆች ፊት ነው። ዶሮዋ ጻፈች አልሁ በሆዴ። ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

ኅዳር ሲገባ ነው የባሰው። ባለቤታቸው እመት ማንጠግቦሽ ደጄ ድረስ መጣች፣ አንተ ልጅ፣ የነፍስ አባትህ አይደል፣ እስቲ ምከረው፣ መጻፍ ትቷል፣ ፊደሉ ከሳብኝ፣ ወረቀቱን ቧጨረብኝ፣ እግዜር እጄን ነሣኝ ይላል፣ በቀን ሦስት መቶ ይሰግዳል፣ ጉልበቱ ቆስሎ በጨርቅ ጠቅልየዋለሁ፣ እህል የሚቀምሰው ከመሸ ነው፣ በዚህ ዕድሜው ሊሞትብኝ ነው፣ ምን ይሆን የበደለው። እኔን ትጠይቀኛለች። ለቀባሪው አረዱት። አፌን ከፈትሁ፣ እውነቴን ነው ከፍቼ ነበር፣ ጫፉ ነው ልላት፣ ሁለት ቃል፣ ጫፉ ነው፣ ምናልባት ብርዱ ይሆናል እጅ ያደነዝዛል አልኋት። ብርዱ። አመስግናኝ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ እሸሻለሁ። ሚስቴ ውዴ ገብቷታል፣ ሁሉንም አይደለም፣ መሸሼን ነው፣ መምሬን ምን አድርገሃቸው ነው ደጃቸውን የምትሸሽ፣ ምነው ንስሐ ሳትገባ ጾም አጋመስህ ትለኛለች። ለማን ልግባ ውዴ፣ የሰረቅሁት ከነፍስ አባቴ ነው፣ ወገዳ ድረስ ወርጄ ለሌላ ቄስ ልናገርስ ብል፣ የነፍስ አባትህ ማነው ይለኛል፣ ለሱ ለምን አልነገርኸውም ይለኛል፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። መንገድ ላይ ድንገት ስንገጣጠም ደግሞ ምን እላለሁ፣ ሰው ሁሉ ለቄስ የሚለውን፣ ይፍቱኝ። እግዚአብሔር ይፍታህ። ብዕራቸውን ፈትቼ ይፍቱኝ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ይፈቱኛል፣ ምንም ሳያውቁ፣ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳርፈው፣ እኔ ግን እንደታሰርሁ ወደ ቤቴ እገባለሁ።

መጡ።

ዞሩና መጡ፣ ከጨው ተራ፣ በመቋሚያቸው እየተደገፉ፣ ቀኝ እግራቸውን ይጎትታሉ፣ ጉልበታቸው ነው፣ ሦስት መቶ፣ ሰውየው ልብሱ ውስጥ የለም፣ ነጠላ ብቻ ነው የሚራመደው፣ እንዴት ልነሣ፣ ተነሣሁ፣ ይፍቱኝ አባቴ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ቦጋለች የተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ቀስ ብለው፣ ሲታጠፉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አውቀውታል። አሁን ይሉታል። ይበሉት፣ እገላገላለሁ፣ እዚሁ ገበያው መሐል ሌባ ይበሉኝ።

ልጄ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁ።

ምን።

ያኔ፣ ልጅ ሳለህ፣ እጅህን ዶሮ ያልሁህ ጊዜ ትዝ ይልሃል፣ እኔ ረስቼው ነበር፣ እጄ ከሞተ ወዲህ ምን በደልሁ ብዬ ስመረምር ስመረምር ትዝ አለኝ፣ በእጄ እመካ ነበር ልጄ፣ የሰው ልጅ እጅ ናቅሁ፣ ይኸው የኔን ነሥቶ ላንተ ሰጠው፣ ዳኛው ጽሕፈትህን እንዳደነቁ ሰማሁ፣ ትላንት አንዱ ማመልከቻህን አሳየኝ፣ አየሁት፣ ልክ የኔ እጅ ነው፣ ልክ የኔ፣ አለቀስሁ፣ በቅናት አይደለም፣ እውነተኛ ዳኛ እንዳለ ስላየሁ ነው። ይቅር በለኝ።

 አንድ ሰው በጎኔ በግ እየጎተተ ያልፋል፣ በጓ አልሄድም ትላለች፣ ሰውየው ይለምናታል። በል እንጂ ተናገር። 

ከነጠላቸው እጥፋት አወጡት፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን፣ እንካ አሉ፣ ያንተ ይሁን፣ እኔ ከእንግዲህ አልጽፍም፣ ለወንድሜ ነፍስ የጀመርሁትን መጽሐፍ አንተ ጨርስልኝ፣ አንድ ዓይነት እጅ ነው፣ ሰው የት ላይ እንዳቆምሁ እንኳ አያውቅም። እጄ ላይ አስቀመጡት። ቀላል ነው። እና አሁን ስማኝ በላይነህ፣ ተረጋግተህ ስማኝ፣ ነገሩ አለቀ፣ ብዕሩን በገዛ እጃቸው ሰጡህ፣ ጫፉ የብዕሩ ነው፣ ብዕሩ ያንተ ነው፣ ስለዚህ ጫፉ ያንተ ነው፣ ማንም ፍርድ ቤት ይህን አይሽርም፣ እሺ አባቴ ይቅር ብዬዎታለሁ በል፣ መጽሐፉንም ጨርስላቸው፣ ጽድቅ ነው፣ እሳቸውም ስግደቱን ይተዋሉ፣ እመት ማንጠግቦሽም ታመሰግንሃለች፣ ማን ተጎዳ።

ጉልበታቸው ላይ ጨርቁ ደም አስተላልፏል። ትንሽ ነው፣ የባቄላ ፍሬ ታህል። በቀሚሳቸው ጫፍ ሊሸፍኑት ይሞክራሉ።

እስቲ ልየው አልሁ፣ ከመውሰዴ በፊት እስቲ አንዴ ልፈትሸው፣ ምናልባት ምላሷ ይሆናል። ሣጥኔን ከፍቼ ክዳኑ ላይ ፈታሁት፣ የኔንም ፈታሁት፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ተፈትተው ተኝተዋል፣ የሳቸው ከኔ አንድ ክንድ አይርቅም፣ ቢያዩ ያያሉ፣ አያዩም፣ ያችን በግ እያዩ ፈገግ ብለዋል፣ ስግደት ያደከመው ሰው ፈገግታ። ወርቁን ከኔ ነቀልሁት። ከምላሷ ጋር አጋጠምሁት፣ ገፋሁት፣ ቀለም ጣቶቼን አጠቆራቸው፣ ብረቱ ሣጥኑ ክዳን ላይ ቀረ፣ ቢጫ ቅቡ ጫፉ ላይ ተልጧል። እስቲ ይሞክሩት አባቴ።

አይ ልጄ ተው፣ ብርታት የለኝም። አንድ መስመር ብቻ። የቦጋለችን ማመልከቻ ገልብጬ ሰጠኋቸው፣ ጉልበታቸው ላይ፣ በደኅናው በኩል፣ ወረቀቱን አስተካከሉ፣ ማንኛውም የብራና ጸሐፊ ብዕር ሲቀርጽ የሚጽፈውን ጻፉ፣ ለኔም ያስተማሩኝን፣ ፍትነተ ብርዕ ሠናይ፣ የመልካም ብዕር ሙከራ። የመጀመሪያዋ ፊደል ስትወርድ እጃቸው ቆመ። ሁለተኛዋን ጻፉ። ከዚያ አላቆሙም፣ መስመሩ እስኪያልቅ፣ ወፍራሙ በወፍራምነቱ ቀጭኑ በቀጭንነቱ፣ እንባቸው ወረቀቱ ላይ እንዳይወርድ ፊታቸውን መለስ አደረጉ። ይቅር አልኸኝ ማለት ነው አሉ። ሳትናገር በልብህ ይቅር አልኸኝ፣ እሱም መለሰልኝ።

አይደለም። በል አይደለም በል። ጫፉ ነው በል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እናገራለሁ አሉ፣ አንድ የበደልሁት ልጅ ይቅር ቢለኝ እጄ ተመለሰ ብዬ፣ አንተንም ከጎኔ አቆምሃለሁ፣ ቂመኛው ሁሉ አይቶ ይማር። እኔን። ከጎናቸው። ውዴ ከሴቶቹ መሐል ሆና እያየችኝ፣ እመት ማንጠግቦሽ እልል እያለች፣ ልጆቼም እየሰሙ፣ ከዚያስ፣ ከዚያ ዕድሜ ልኬን ያ ይቅር ባይ ተብዬ፣ አርጅቼ፣ ስሞት እንኳ ሲፈቱኝ እሱን እያነሡ።

ተነሡ። ብዕሩን እንደ ሕፃን በጨርቅ ጠቅልለው ነጠላቸው እጥፋት ውስጥ ከተቱት፣ መቋሚያቸውን ያዙ፣ እግራቸው አሁን ብዙም አይጎተትም፣ ሊሄዱ ነው፣ ሄዱ ማለት ነው፣ ወርቁ ተመልሷል፣ ስግደቱ ይቀራል፣ መጽሐፉ ያልቃል፣ የቀረ ዕዳ የለም፣ ዝም በል። ዝም ብትል ማንም አይጎዳም።

ይፍቱኝ አልሁ።

እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ፣ አሉ፣ ሳይዞሩ፣ በገበያ ቀን ለመቶ ሰው እንደሚሉት። ይኸው። ተባለልህ። ከአፋቸው ወጣ። ሦስት እርምጃ ሄደዋል፣ አራት፣ በጓ እንኳ መሄድ ጀምራለች፣ እኔ ግን ቆሜያለሁ፣ ከሣጥኑ ወዲህ፣ ከዚያም ወዲያ፣ እየተከተልኋቸው ነው፣ በቀለም የጠቆረ እጄ ነጭ ነጠላቸውን ይዟል፣ አቆሸሽሁት፣ አባቴ፣ ይቀመጡ፣ ተመልሰው ይቀመጡ፣ ያልሁት የሰላምታውን ይፍቱኝ አይደለም፣ መስከረም ላይ ብዕርዎን የፈታሁ ዕለት፣ አባቴ፣ መልሼ አልገጠምሁትም።